ከጣሪያ ጣሪያ

ሐምሌ ነው። አምስት ኪሎ ጣሪያ ላይ ቆሜያለሁ፣
በፌስታል የታሰረ ሌዘር ይዤያለሁ።
ዝናብ እንዳይነካው ጃኬቴን አልብሼ፣
እኔ ግን በሸሚዝ፣ እስካንገቴ በስብሼ።

ማዶ፣ ከአራት ኪሎ ፎቅ ላይ፣ በዳሳ
ተቀባዩን ይዞ፣ ስልኩን እያነሳ
«ዝቅ! ትንሽ ወደ ግራ! አለፍከኝ! ተመለስ!»
ይላል እንደ ሚኒባስ ረዳት፣ ኋላ እንደሚያስመልስ።

በመካከላችን ስምንት መቶ ሜትር አየር፣
በአየሩ ውስጥ ደግሞ፣ ዓይን የማያየው የብርሃን ክር።
ገመድ አልባ፣ ቱቦ አልባ፣ ቁፋሮ አልባ መንገድ፤
ሰው ከታች በጃንጥላ፣ ምስል ከላይ ሲሄድ።
እርግብ ከሥላሴ ጉልላት ብድግ ብትል ተነስታ፣
ትርሲት ትጨልማለች፣ ለሽርፍራፊ አፍታ።
ጭጋግ ሲመጣማ፣ ከእንጦጦ ወርዶ፣
ግማሹ ቢት አይደርስም፤ ግማሹ ይደርሳል አብዶ።

ትርሲት ማን ናት?
ሌላው ተማሪ ሁሉ ለሙከራ የሚልከው
የታወቀ ቅንጭብ አለ፤ መናፈሻ ነው፣ ፏፏቴ ነው።
እኛ የላክነው ትርሲትን ነው፣ ታናሽ እህቴን፤
አርባ ሰከንድ፣ ከመጋረጃችን ፊት ቆማ፣ በእጇ ስትወቅሰኝ ማምሸቴን።
ጆሮዋ አይሰማም። ቤታችን ወሬ የሚወራው በጣት ነው፤
የእኔም ስም ድምፅ የለውም፤ ሁለት ጣት፣ ቅንድብ ላይ ነው፤
ልጅ ሆኜ በአልጋ ጠርዝ የተፈነከትኩበት
ጠባሳ፤ እሷ አየችው፣ ስም አወጣችበት።

ቪዲዮ የሚጨምቀው ፕሮግራም ግን ገብጋባ ነው፤
የሚንቀሳቀስ ሁሉ ለእሱ ወጪ ነው፣ ኪሳራ ነው።
መስመሩ ሲጠብ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣
መጋረጃውን ያስቀራል፣ ከነአበባው፣ አንድ ክር ሳይፈታ፤
ጣቶቿን ግን ይጥላል።
ከአንጓዋ በታች ጭስ።
ስሜ የነበረበት ቦታ፣
አራት ማዕዘን ግራጫ፣ አራት ማዕዘን ግራጫ።
ቆጠርኩት። አስራ አንድ ግራጫ።

«ጥራቱ ስንት ወጣ?» አሉ ዶክተር ኑሪያ።
«ሠላሳ ስምንት ዲሲቤል።»
«ጥሩ ነው እኮ።»
ጥሩ ነበር።
መጋረጃችን በጣም ጥሩ ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ ገለበጥነው። ከሁሉ በፊት ጣት ይለፍ፤
ከጣት ቀጥሎ ዓይን፣ ቅንድብ፣ አፍ፤
መጋረጃው ቦታ ካገኘ ያግኝ፣ ካጣ ይርገፍ።
መብራት በሄደ ማታ፣ የላቦራቶሪው ጋሽ ዘርጋው
የመኪና ባትሪ አቅፈው ደረጃውን ወጡት፤
«የወንድሜ ላዳ ዛሬም አልተነሳች፤ እስቲ እናንተ አስነሱት።»

እንደገና ለካነው። ሠላሳ አንድ። ወረደ።
በዳሳ ላፕቶፑን ከድኖ፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወረደ።
ነገ ፈታኙ ይጠይቀኛል፦ «ቁጥሩ ለምን ቀነሰ?»
ምን ልበል? መጋረጃችን ፈረሰ?

ዛሬ ትርሲት ራሷ ማዶ ናት፣ ከበዳሳ ጋር፣
በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ከተቀባዩ ዳር።
መስመሩ ሂያጅ ብቻ ነው፤ መላሽ አላበጀንለትም፤
ጭጋጉ ፎቁን ውጦታል፤ ጉልላቱም የለም፣ እሷም የለችም።
ከታች «ፒያሳ! አንድ ሰው፣ ፒያሳ!» ይላል ድምፅ ብቻ።
ካሜራውን ወደ ራሴ አዞርኩ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል።
አመሸሁ፣ አልኳት በእጄ። አውቃለሁ። አመሸሁ።

ስልኩ ጠራ። «በዳሳ፣ ደረሰ?»
«ምስሉማ አስቀያሚ ነው፤ ከኋላህ ሰማዩ ሁሉ ተቦጫጭቋል።»
«እሷስ ምን አለች?»
«እኔ በእጅ አላውቅ። አየች፣ አየች፣ ሳቀች፤
ከዚያ ሁለት ጣቷን ቅንድቧ ላይ አደረገች።
ምነው፣ ራሷን አሟት ይሆን?»